ሦስተኛዋ ቅል

ከደምበጫ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ደጋ ዳሞት የሚወጣ መንገደኛ ፈረስ ቤት ሲደርስ ጋቢውን ሳያጠብቅ አይቀርም። ብርዱ የደጋ ብርድ ነው፤ ገብሱም ባቄላውም ድንቹም የሚያፈራው ከዚያው ብርድ ጋር ተስማምቶ ነው። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ በተቀመጠች አንዲት መንደር አንድ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ስማቸውን አላነሣም። ነገሩ ምሳሌ ነውና አንባቢ የሚያውቀውን ሽማግሌ፣ የሚያውቀውንም ልጅ ያስቀምጥበት።

ሽማግሌው አገው ናቸው፤ ወደ ዳሞት ያመጣቸው ጋብቻ ነው። በጉልምስናቸው ዘመን ጥር 23 ሲቃረብ ፈረሳቸውን ሸልመው፣ በፍኖተ ሰላም አልፈው፣ ቡሬ አድረው እንጅባራ ይዘልቁ ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ የሚያስበው በዚያ ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ለሰው ተዝካር የማያወጣ የለም፤ ለፈረስ ውለታ ቀን ቆርጦ የሚሰበሰብ ሕዝብ ግን ብዙ አይመስለኝም።

ዕድሜ ሲጫናቸው ኮርቻውን ለልጅ ልጃቸው ለቀቁለት። ልጁ በሰባት ዓመቱ ፊደል ቆጠረ፤ በዚያው ዓመት ያለ ኮርቻ ፈረስ ላይ ወጣ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ከአንደኝነት ወርዶ አያውቅም። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ደግሞ በጥምቀት ጉግስ ጋሻ ይዞ ከጎልማሶች መሀል ገባ። ፈረሱ ዳማ ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት መልኩ ነው።

ባሕር ያላቸው አገሮች ልጆች አንዲት ሰሌዳ ላይ ሸራ አቁመው ነፋስ ይጋልባሉ። ይህ ጨዋታ ከ1976 ዓ.ም የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጀምሮ ሜዳሊያ የሚያሰጥ ውድድር ሆኗል። እነዚያም ልጆች ትምህርት ቤት አላቸው፤ ነፋሱ መልካም በሆነበት ቀን ፈተና ይደርስባቸዋል። ዳሞት ባሕር የለውም፤ ፈረስ አለው። ጭንቁ ግን አንድ ነው።

ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ መንደሩ ይመክር ጀመር። “ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም” አሉ ጎረቤቶቹ። አጎቱ ከሁሉም ባሰ። “ፈረስ ደመወዝ አያበላም፤ ዳማን ሸጠን ከተማ ቤት እንከራይለት፣ እዚያው ሆኖ ይማር” አለ። ጉግስ የሚያውቁት ደግሞ በተቃራኒው ቆሙ። “የተመረቀውም ሥራ አጥቶ ከእናቱ ቤት ተቀምጧል። እንዲህ ያለ እጅ ግን በስንት ዓመት አንዴ ነው የሚገኝ” አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ አንዱን ምረጥ።

ሽማግሌው ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጡ።

“ልጁ የወጣው ዛፍ ላይ አይደለም፣ ፈረስ ላይ ነው። ዛፍ የቆመ ነገር ነው፤ ሁለት ሲሆን እግር ይሰነጥቃል። ፈረስ ግን ለሁለት እግር ሁለት እርካብ ይፈልጋል። በአንድ እርካብ ሲጋልብ የኖረ ሰው አይታችኋል?”

መልሱ መንደሩን ዝም አሰኘ። እሳቸውንም ሁለት ዓመት ያህል አዘናጋቸው። የሰመረ አነጋገር እንዲህ ነው፤ ያላለቀውን ነገር ያለቀ ያስመስላል።

በ2014 ዓ.ም ልጁ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገባ። ከገና በፊት የሂሳብ ውጤቱ ወረደ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ውስጥ ቢያስገባውም ሽማግሌው ከፊቱ አነበቡት።

“ምነው ልጄ?”

“ለጥምቀት ዳማን ሳለማምድ ነው አባባ። ጊዜ አጣሁ።”

ሽማግሌው ዝም አሉ። ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ጉግሱ ደራ። ከወዲያኛው ወገን የመጣ አንድ ጎረምሳ ዘንጉን ወርውሮ ጀርባው ላይ አሳረፈበት። ልጁ ጋሻውን ለማዞር ዘግይቶ ነበር፤ እልልታው ለሌላ ሆነ።

“ምነው ልጄ?”

“ሌሊቱን ሳነብ ነው ያደርኩት አባባ። ፈተና አለብኝ፣ ዓይኔን ከበደኝ።”

ያን ሌሊት ሽማግሌው እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። መጽሐፉ ሲጎድል ፈረሱ ተከሰሰ፤ ፈረሱ ሲጎድል መጽሐፉ ተከሰሰ። ልጁ ግን በሁለቱም ችሎት አልተገኘም።

እኔም ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ለዚህች ሌሊት ስል ነው። ሁለት ሙያ የያዘ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያተርፈው ሁለት ማመካኛ ነው። አንድ ብቻ የያዘ ሲሸነፍ የሚሸሸግበት የለውም፤ ሽንፈቱን ፊት ለፊት አይቶ ይማርበታል ወይም ይተወዋል። ሁለት የያዘ ግን ከአንዱ ቤት ሸሽቶ ወደ ሌላው ይገባል፣ ከዚያኛው ሲያባርሩት ወደዚህኛው ይመለሳል። ጎበዝ ልጆች በሁለት መካከል ሲባክኑ ባየን ቁጥር “ሰዓት አነሰው” እንላለን። ብዙ ጊዜ ያነሰው ሰዓት አይደለም። ሸሽቶ የሚገባበት ቤት በዝቶበት ነው።

በማግስቱ ሽማግሌው ልጁን አስቀምጠው ጥቂት ቃል ብቻ ተናገሩ።

“ከዚህ እስከ ዋሸራ ስንት የቆሎ ተማሪ አይቻለሁ። በቀን አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ ሲለምን ውሻ ይነክሰዋል፤ ማታ ከየኔታ ፊት ይቀመጣል። ውሻ ነክሶኝ ነው ቅኔ ያልቆጠርኩት ያለ ተማሪ ግን አልሰማሁም።”

ልጁ አቀረቀረ። ሽማግሌው አልገፉበትም፤ የቅበላን ማግሥት ጠበቁ። ዐቢይ ጾም የገባ ዕለት ሦስት ቅሎች አምጥተው ከማገሩ ላይ ሰቀሉ። ከጎተራው ባቄላ አውጥተው 165 ፍሬ ቆጠሩና በጨርቅ ቋጥረው ለልጁ ሰጡት።

“ጾሙ 55 ቀን ነው። በቀን ሦስት ፍሬ ይደርስሃል፤ አንዱ ጎሕ ሳይቀድ ላለው ሰዓት፣ አንዱ ከትምህርት ቤት መልስ፣ አንዱ ከራት በኋላ። መጽሐፍ ላይ ከሆንክ በዚህኛው ቅል ጨምር። ዳማ ላይ ከሆንክ በዚያኛው። ከሁለቱም ያልሆነውን ሦስተኛዋ ውስጥ። ከብት ስትመልስ፣ እንጨት ስትሰብር፣ ውኃ ስትቀዳ የሄደውን ግን ፍሬውን ለእኔ መልስልኝ። እሱ ያንተ አይደለም፣ የቤቱ ነው።”

ይህችን የመጨረሻ ቃል አንባቢ በዋዛ አይለፋት። የገበሬ ልጅ ከሰዓቱ ብዙውን የሚሰጠው ለቤቱ ነው፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ እንስራው፣ ምጣዱና ታናናሾቿ ሳይቀድሟት የምትደርስበት ሰዓት አይኖርም። የቤቱን ሰዓት ከልጁ ስንፍና ጋር ደምሮ የሚቆጥር ወላጅም መምህርም ግፍ ይሠራል። ሽማግሌው ይህን አውቀው ነው አስቀድመው የለዩት።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የመጽሐፉ ቅል ፈጥኖ ሞላ፤ ልጁ ደስ አለው። በዘጠነኛው ቀን ግን ከራት በኋላ አንዲት ፍሬ በመዳፉ እንደያዘ ከአያቱ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

“አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። መጽሐፉ ፊቴ ተገልጦ ነበር፣ ኩራዙም እንደበራ ነው። እኔ ግን ስለ ዳማ ኮቴ ነበር የማስበው። ዛሬ ጠዋትም ዳማ ላይ ሆኜ የማስበው ስለ ፊዚክሱ ጥያቄ ነበር። እንዲህ ያለው ፍሬ የት ይግባ?”

“ልብህ ከነበረበት።”

“ልቤ እዚያም አልነበረም። ፊዚክሱን አልሠራሁትም፣ ስለሱ ተጨነቅሁ እንጂ። ዳማንም አልጋለብኩትም፣ ናፈቀኝ እንጂ።”

“እንግዲያ ታውቀዋለህ” አሉ ሽማግሌው።

ልጁ ቅሎቹን አወረዳቸው። ካለፉት ቀናት ፍሬዎች ከመጽሐፉ ቅል ስድስት፣ ከዳማ ቅል አራት አውጥቶ ሦስተኛዋ ውስጥ ጨመረ። ማንም አላዘዘውም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ድል የማየው እዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ በሜዳውም በፈተናውም የሆነው ሁሉ ከዚህች ቅጽበት የተወለደ ነው።

በፋሲካ ማግሥት ቁርበት አንጥፈው ቆጠሩ። ሽማግሌው ለቤቱ ሥራ የተመለሰላቸው 27 ነበር። የመጽሐፉ ቅል 38፣ የዳማ 29። ሦስተኛዋ 71 ሆነች። ልጁ አላመነም፤ እሷን ብቻ ሁለተኛ ቆጠራት።

“ዳማ ወሰደብኝ ያልከው ይኸውልህ፣ 29 ነው” አሉ ሽማግሌው። “መጽሐፍ ወሰደብኝ ያልከው ይኸውልህ፣ 38። 71ዱን ማን ወሰደው?”

ልጁ ብዙ ቆይቶ መለሰ። “ሳስብ ነበር አባባ።”

“ምን?”

“ሁለቱ እንዴት እንደሚሆኑልኝ።”

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ስለ ባቄላው አላነሡም።

በ2015 ልጁ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆነ። አንድ ቀን የሂሳብ መምህሩን ከክፍል ሲወጡ ተከትሎ፣ በዓለም ላይ ሁለቱንም የቻለ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። መምህሩ አንድ የእኛን አንድ የውጭ ሰው ጠቀሱለት። የእኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። አሰላ አጠገብ ባደገበት ገጠር ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበርና ደርሶ መልስ ይሮጥ ነበር። በ1988 አትላንታ ላይ፣ በ1993 ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ የግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ልጅ ታጠፍ ብሎ ነበር፤ የልጅነቱ መንገድ ክንዱ ላይ ቀርቶ ነው። ሌላው እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር ነው፤ የሕክምና ተማሪ። በ1944 ሄልሲንኪ ላይ በ1,500 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ሜዳሊያ አመለጠው። ትምህርቱን አላቆመም፣ ሩጫውንም አልተወም፤ በምሳ ሰዓቱ እየወጣ ይለማመድ ነበር። ሚያዝያ 28 ቀን 1946 ዓ.ም ጠዋት ለንደን በሚገኝ ሆስፒታል ውሎ፣ በባቡር ኦክስፎርድ ሄዶ፣ በዚያው ዕለት አንድ ማይልን በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ሮጠ። ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ኋላም የነርቭ ሐኪም ሆኖ ኖረ።

“የምሳ ሰዓት ብቻ?” አለ ልጁ።

“የምሳ ሰዓት። ግን ሙሉውን” አሉ መምህሩ።

በዚያ ዓመት ሽማግሌው ለመጨረሻ ጊዜ እንጅባራን ላያት አሉ። ልጁ ዳማን፣ እሳቸው የጎረቤት በቅሎ ይዘው ወጡ። ሰጋር በቅሎ ናትና ሽማግሌውን አላንገላታቻቸውም። ሜዳ በተገኘ ቁጥር ልጁ ዳማን ለግልቢያ ሊለቀው ይቃጣል፤ ሽማግሌው በዓይናቸው ይይዙታል። ሲሻቸው እርምጃ፣ ሲሻቸው ሶምሶማ፣ ወንዝ ሲገኝ ውኃ፣ ጥላ ሲገኝ ዕረፍት። የቡሬን ከተማ ሲያልፉ በሌላ መንገድ የመጡ ጎረምሶች ፈረሶቻቸውን እያስጋለቡ ቀደሟቸው፤ አቧራው ፊታቸው ላይ ቀረ። ልጁ ከንፈሩን ነከሰ።

“እነዚያ እንጅባራን መንገድ ላይ ጨረሷት” አሉ ሽማግሌው። “ግልቢያ የሜዳው ነው። መንገዱ የእርምጃ ነው። መንገዱን በግልቢያ የጨረሰ ፈረስ ሜዳ ሲደርስ መንገደኛ ይሆናል።”

ጥር 23 ቀን ሜዳው በፈረስ ተሞላ፤ ግላሱ፣ ዘርፉ፣ ሽልማቱ ዓይን ይወጋል። የልጁ ተራ ሲደርስ ዳማ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተስፈነጠረ። እስከ ግማሽ ሜዳ ማንም አልደረሰበትም። ከዚያ አንድ አምባላይ ፈረስ ከጎኑ ብቅ አለ፤ ተያይዘው ሄዱ፣ ሄዱ፣ በመጨረሻ አምባላዩ በአንገት ቀደመ።

ልጁ ከፈረሱ ሲወርድ የሽማግሌው የድሮ ባልንጀሮች ከበቡት። አንደኛው በርኅራኄ ትከሻውን መታ አድርገው፣ “አይዞህ ልጄ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነህ አሉ፤ ትምህርቱ ነው የያዘህ እንጂ” አሉት።

ማመካኛው ተሠርቶ፣ ተሸልሞ፣ በሽማግሌ አፍ ተባርኮ ቀረበለት። መውሰድ ብቻ ነበር የቀረው።

“አይደለም አባቴ” አለ ልጁ። “በለጠኝ። ፈረሱም እሱም በለጡኝ።”

ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተው የዳማን የኮርቻ ጠፍር ሲያላሉ ነበር። ጠፍሩ ቀድሞ ላልቶ አልቋል፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን እስኪያደርቁ ድረስ ሲፈቱት ቆዩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚያገኛቸው ሁሉ ከእንጅባራ ምን ሽልማት አመጣችሁ ሲላቸው፣ “አንድ ቃል” ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ዳማ ሣር ላይ ተለቀቀ፤ ልጁ ጠዋት ጠዋት እግሩን እንዲያፍታታ ብቻ ይወጣበታል፣ ፀሐይ ሳይጠነክር ይወርዳል። የቀረው ሰዓት የመጽሐፍ ሆነ። ሐምሌ ላይ እንደ አገሩ ተማሪ ሁሉ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ስልክ የማይገባበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድሮ ፈተናውን ወሰደ። በዚያ ዓመት በመላ ኢትዮጵያ ለፈተና ከተቀመጡት 845,188 ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.2 ማለት ነው። ልጁ ከእነሱ አንዱ ሆነ። የቀሩትን 817,921 ልጆች ሦስተኛ ቅላቸው ስለሞላ ወደቁ የሚል ሰው ካለ ይህን ታሪክ አልሰማም። መጽሐፍ ሳይደርሰው፣ የትምህርቱ መምህር ሳይመደብለት፣ ሰዓቱን ሁሉ ቤቱ ወስዶበት የተፈተነ ስንቱ ነው። ያ የአገር ዕዳ ነው፤ በባቄላ አይቆጠርም።

ውጤቱ በመጣ ጊዜ እንግሊዝኛው ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ነበር። አጎቱ ወረቀቱን አይቶ፣ “ይቺ እንኳ የዳማ ሥራ ናት” አለ።

“የእኔ ናት” አለ ልጁ። “እንግሊዝኛ ገና አልቻልኩም።”

ዩኒቨርሲቲ የሚሄድበት ዕለት ሽማግሌው ገንዘብ፣ በሶና አንድ ጋቢ አስያዙት። ዳማን አንገቱን አቅፎ ተሰናበተው። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሶ ገባና ጥቂት ቆይቶ ወጣ።

ሁለቱ ቅሎች ዛሬም ከዚያ ቤት ማገር ላይ ተሰቅለዋል፤ ሽማግሌው የባቄላ ዘር ያስቀምጡባቸዋል። ሦስተኛዋን ልጁ ይዟት ሄዷል።